ለሚመጣ ሰው የተቆላ

በዓል መድረሱን የምናውቀው በመቀስ ድምፅ ነበር። ቅጭ… ቅጭ… ቅጭ… ያ ድምፅ ከሳሎን ከተሰማ ኳስ የለም፣ ብይ የለም፣ ወደ ሐይቁ መውረድ የለም። እጅ ታጥቦ ገበታ ዙሪያ መቀመጥ ነው። ዳቦ ቆሎ ሊቆረጥ ነዋ!

እኛ ስንል ሰባት ነን። ሐይቅ ከተማ፣ አንድ ግቢ ውስጥ፣ በሁለት ቤት ያደግን ሰባት ልጆች። አራታችን የላይ ቤት፣ ሦስታችን የታች ቤት። የላይ ቤት ሙስሊም ነው፤ የታች ቤት ክርስቲያን። (ከወሎ ውጪ ያላችሁ፣ ይሄ የመቻቻል ማስታወቂያ አይደለም። ግቢያችን እንዲህ ስለሆነ ነው።) እናትም ሁለት አሉን፤ የላይ ቤት እናታችንና የታች ቤት እናታችን። የትኛዋ እንደወለደችን በግርፊያው ይለያል እንዳንል ሁለቱም ይገርፉን ነበር።

አሁን አራታችን አዲስ አበባ፣ አንዳችን ኮምቦልቻ፣ አንዳችን ጅዳ ነን። ሐይቅ የቀረው አንድ ነው፤ ታናሻችን። "ቀረ" ስንለው ይናደዳል። "እኔ የት ሄድኩና ነው የቀረሁት? እናንተ ናችሁ የሄዳችሁት" ይለናል።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳን አንድ የሥራ ባልደረባችን ነው። "ለበዓል የሚሆን አሪፍ ነገር አገኘሁ። ሊጡን ቀድመህ ታዘጋጅና ማቀዝቀዣ ውስጥ ታስቀምጠዋለህ፣ እንግዳ ሲመጣ እየቆረጥክ ትጋግራለህ" አለን፤ ኩኪስ ማለቱ ነው። ሳቅን። ቀድሞ አዘጋጅቶ፣ ቆርጦ፣ እንግዳ መጠበቅ ማለት እኛ ያደግንበት ሥራ ነው። ሳቃችን ግን ብዙ አልቆየም። ለምን እንዳልቆየ ወደ ኋላ ላይ እንነግራችኋለን።

የዳቦ ቆሎ ቀን በዓሉ አሥር ቀን ሲቀረው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በዋዜማው እናቶቻችን እጅ የላቸውም። ታች ቤት ከሆነ ጠላው፣ ላይ ቤት ከሆነ ቀሪቦው አለ። ሽንኩርት ይከተፋል፣ ድፎው በኮባ ይደፋል፣ ቤት ይጠረጋል፣ ቄጤማ ይጎዘጎዛል። ስለዚህ መቆየት የሚችል ነገር ሁሉ ቀድሞ ይሠራል። መቆየት ከሚችሉት ደግሞ ዳቦ ቆሎን የሚያህል የለም።

ስንዴው ከአምባሰል ደጋ ነበር የሚመጣው። አምባሰል ሲባል የአዲስ አበባ ጓደኞቻችን ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺሆዬ ጋር የሚቆጠረውን ቅኝት ነው የሚያስቡት። እኛ ግን መጀመሪያ ትዝ የሚለን አያታችን ከውጫሌ በሚመጣ መኪና ላይ አስጭነው የሚልኩት ጆንያ ነው። ስንዴው ይለቀማል፣ ይፈጫል፣ ይነፋል። ሊጡን ማሸት የላይ ቤት እናታችን ሥራ ነው፤ ክንዷ ብርቱ ነው። ይህ ሊጥ እንደ እንጀራ አይቀጥንም፣ እንደ ድፎም አይቦካም። ጠጠር ብሎ ይታሻል። ከዚያ በመዳፍ እየተንከባለለ እንደ እርሳስ ይቀጥናል፤ ይህ የእኛ ሥራ ነው። መቀሱ ደግሞ በታች ቤት እናታችን እጅ ነው። የልብስ ስፌት መቀሷ ስለሆነ ለማንም አትሰጥም። (አልፎ አልፎ ዳቦ ቆሎው ውስጥ ክር ይገኛል። ክር ያገኘ ልጅ አዲስ ልብስ ይገዛለታል ተብለን ነበር። እስካሁን የተገዛለት የለም።)

ልኩን ለምትፈልጉ፦ ለ1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት 2 የቡና ሲኒ ዘይት፣ 2 የቡና ሲኒ ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ትንሽ የተወቀጠ ኮረሪማ፣ ውኃ ደግሞ እንደ ዱቄቱ ጠባይ ከ1 እስከ 1 ተኩል ብርጭቆ። የሚያቃጥል የሚወድ ስኳሩን ትቶ በርበሬ ያስገባ። ሽምብራ እያሳከላችሁ ቁረጡ። ምጣድ ላይ፣ እሳቱን ሳታበረቱ፣ በማመሻ ሳታቋርጡ አምሱ። መልኩ ቡናማ ሲሆን አታውጡት፤ አንዷን ፍሬ አቀዝቅዙና በጥርሳችሁ ስበሩ። ቀጭ ካለች ደርሷል። ለስለስ ካለች ገና ነው። ትንሽ ተደርጎ የሚቆረጠው ለማማር ሳይሆን እሳቱ እስከ መሃሉ ገብቶ ውኃውን እንዲያወጣው ነው። መሃሉ የራሰ ዳቦ ቆሎ ጣሳ ውስጥ ገብቶ በሳምንቱ ይሻግታል። በደንብ የደረቀ ደግሞ ወር አልፎም ቀጭ ይላል።

ጣሳውንም እናስተዋውቃችሁ። ከ1977ቱ ድርቅ ጊዜ የተረፈ የእርዳታ ዘይት ጣሳ ነው። እናቶቻችን ላዩን አስቆርጠው፣ ክዳንና እጀታ አሠርተውለት፣ ከዚያ ወዲህ የዳቦ ቆሎ ቤት ሆኗል። ጽሕፈቱ ለቅቋል። በረሃብ ቀን ወደ ቤት የገባ ዕቃ ለጥጋብ ቀን ማስቀመጫ መሆኑን ልጅ እያለን አስበነው አናውቅም። ለእኛ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ፣ ወንበር ላይ ወንበር ደርበን የምንሰርቀው ጣሳ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የእኛ አካባቢ በዓል በቢላዋ ይከፈላል። የሙስሊም ሥጋ አለ፣ የክርስቲያን ሥጋ አለ። ታች ቤት ለገና ሁለት ዶሮ ሲታረድ አንዱን የላይ ቤት አባታችን መጥተው ቢስሚላህ ብለው ያርዱት ነበር፤ ድስቱም ለብቻ፣ ጭልፋውም ለብቻ። ላይ ቤት ለአረፋ ሲጠሩን ደግሞ ለክርስቲያኖቹ የሚሆነው ቀድሞ ታስቦበት ነው። በዚህ የተከፋ ሰው አናውቅም፤ ሥርዓት ነው። ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር "ይሄ የማን ነው?" ተብሎ የሚጠየቅበት ምግብ ነው።

ዳቦ ቆሎ አይታረድም። ከአንድ ሊጥ ወጥቶ፣ አንድ ምጣድ ላይ ታምሶ፣ አንድ ጣሳ ውስጥ ገብቶ፣ ለመጣው ሁሉ ከቡና ጋር ይቀርባል። "የማን ነው?" የለም። በግቢያችን አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፤ ቅቤ አይገባበትም፣ እንቁላልም ወተትም አይገባበትም፣ ዘይት ብቻ። በቅቤ የተሠራ እንደሆነ ጾመኛ አይነካውማ። ይህ ሕግ ትንሽ የሚመስላችሁ የ2016ን ቀን መቁጠሪያ እዩ። ዒድ አልፈጥር ሚያዝያ 2 ዋለ፣ ፋሲካ ሚያዝያ 27። ላይ ቤት ዒድ ሲያከብር ታች ቤት ሁዳዴ ላይ ነው። ዳቦ ቆሎው ቅቤ ቢኖረው ኖሮ ግማሹ ግቢ በጎረቤቱ በዓል እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ነበር። በ2015 ደግሞ ፋሲካ ሚያዝያ 8፣ ዒድ ሚያዝያ 13 ስለዋሉ በአንድ ቡሃቃ ለሁለቱም ተቦካ።

ያኔ ሌላ ችግር መጣ። ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ሲገጥሙ ረፋድ ላይ ጨው የሚቀምስ ሰው ከየት ይምጣ? አንዷ እናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትቀምስም፤ ሌላዋ እስከ መግሪብ። መፍትሔው ልጅ ነው። አሁን የታናሻችን የስድስት ዓመት ልጅ የሁለቱም ቤት ይፋዊ ቀማሽ ነው። "ጨው አነሰው?" ሲባል ሁሌም መልሱ አንድ ነው፦ "እንደገና ልቅመስ።"

እንግዲህ እኛ ከዚህ ቤት ወጥተን ነው ከተሜ የሆንነው። አዲስ አበባ እንደገባን መጀመሪያ የተውነው ነገር ዳቦ ቆሎ ነበር። በዓል ሲመጣ ከኬክ ቤት ኩኪስ በኪሎ እንገዛለን፤ ያችን ባለ ማርመላታዋን ቀድመን እንለቅማለን፤ የተረፈውን ለእንግዳ። ከሐይቅ ጣሳ ሲላክልን ደግሞ ቢሮ ይዘን መሄድ አፈርን። (እውነቱን እንናገር ካልን፣ መሳቢያ ውስጥ ደብቀን እንበላ ነበር። ግን ዳቦ ቆሎ ተደብቆ አይበላም። ድምፁ ያሳጣል!)

በ2012 ኮሮና ቤት ሲያስቀምጠን እንደ ማንኛውም ከተሜ ጋጋሪ ሆንን። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ነበር፤ አገር ቤት መሄድ የለም። ያን ጊዜ ነው ያንን የሚቆረጥ ኩኪስ ከቪዲዮ የተማርነው። ሩብ ኪሎ የገበታ ቅቤ ከ1 ኩባያ ስኳር ጋር ይመታል፣ 1 እንቁላል፣ 3 ኩባያ ገደማ ዱቄት። እንደ ዱላ ይጠቀለልና በፕላስቲክ ታሽጎ ማቀዝቀዣ ይገባል። ሁለት ሰዓት ያህል ሲጠነክር ግማሽ ሴንቲ ሜትር እየተደረገ ይቆረጣል፤ 180 ዲግሪ ላይ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይበቃዋል። አሜሪካኖች ዘዴውን የለመዱት በ1920ዎቹና በ30ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው፤ መጀመሪያ ይጠሩትም የነበረው የበረዶ ሳጥን ኩኪስ ብለው ነው። ልዩነቱ የገባን ያኔ ነው። የእነሱ ሊጥ ጥሬውን ሆኖ ቅዝቃዜን አምኖ ይተኛል፤ የእናቶቻችን እሳት አልፎ ነው ጣሳ የሚገባው። በዋዜማው መብራት ሲጠፋ የትኛው እንደሚያዋጣ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የእኛ ዱላ ማቀዝቀዣው ውስጥ እንደ ሻማ ቀልጦ አገኘነው።

መንገዱ ሲከፈት ኩራታችንን ይዘን ሐይቅ ሄድን። የታች ቤት እናታችን አንዱን ኩኪስ አገላብጣ አየችው። ቀመሰችው። ከዚያ "ጥሩ ነው… ዳቦ ቆሎ ነው እኮ፤ ቆራጩ ሰነፍ ሆኖ ነው እንጂ" አለች። የላይ ቤት እናታችን ደግሞ ሌላ ነገር ነው የጠየቀችው፦ "ስንት ቀን ይቆያል?" "ሳምንት፣ ቢበዛ አሥራ አምስት ቀን" አልናት። "ታዲያ በአሥራ ስድስተኛው ቀን የመጣ እንግዳስ?"

ሳቅን። ዓመት ከመንፈቅ እንኳ ሳይሞላ መልሱን አገኘነው።

በጥቅምት 2014 የሰሜኑ ጦርነት እኛ ዘንድ ደረሰ። የሕወሓት ኃይሎች ከወልድያ ወዲህ ገፍተው ውጫሌን፣ ሐይቅን፣ ከዚያም ደሴንና ኮምቦልቻን ያዙ። እናቶቻችን ከሐይቅ የወጡት በእግር ነው፤ ደሴ ድረስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ጀርባ ወደ ደብረ ብርሃን። ከቤት ይዘው የወጡት ሁለት ነጠላ፣ አንድ ጋቢ፣ የቤት ካርታና ጣሳው ነው። ለመውሊድ የተቆላው ዳቦ ቆሎ ከግማሽ በላይ ነበረበት። የእንግዳ ተብሎ የተቀመጠ ነው። መንገድ ላይ ለማያውቁት ሰው ልጅ ሁሉ እፍኝ እፍኝ ሰጡ። የላይ ቤት እናታችን በኋላ ስትነግረን "እንግዳማ እንግዳ ነው። ቤቱ አልመጣ አለ እንጂ" አለች።

የታች ቤት አባታችን ግን ቤቱን አልለቅም ብለው ቀሩ። ከመሄዳቸው በፊት እናቶቻችን ከጣሳው ላይ በከረጢት ቀነሱላቸው። ከዚያ ስልክ ተቋረጠ። አምስት ሳምንት ያህል ድምፃቸውን አልሰማንም። በየቀኑ ወደ ማይሠራው ስልክ እንደውላለን። በዚያው ሰሞን በአዲስ አበባ ሰፈሮች ለዘማች የሚሆን ደረቅ ስንቅ ይዘጋጅ ነበር፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። ከዓመታት በኋላ መቀስ ያነሳነው ያኔ ነው። ከማናውቃቸው ሴቶች ጋር ቁጭ ብለን ለማናውቀው ሰው ቆረጥን። እጃችን አልረሳውም ነበር።

ለነገሩ አካባቢያችን ስንቅና ታሪክ ሲገናኙ የመጀመሪያው አይደለም። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 የተፈረመው እዚያው አምባሰል፣ ይስማ ንጉሥ ነው። በአንቀጽ 17 የተነሳው ጠብ በ1888 ጦርነት ሲሆን የዐፄ ምኒልክ ሠራዊት እንዲከት የታዘዘው እዚያው ወሎ፣ ወረኢሉ ላይ ነበር። ያ ሠራዊት ስንቁን ከቤቱ ይዞ ነው የወጣው። ትምህርት ቤት ስለ አንቀጹ ተምረናል፤ ስንቁን የቆላችው ማን እንደሆነች ግን ፈተና ላይ መጥቶብን አያውቅም።

ኅዳር 27 መንግሥት ደሴንና ኮምቦልቻን መልሶ መያዙን አስታወቀ፤ ከቀናት በኋላ ሐይቅም ተለቀቀች። ስልክ ሲመለስ አባታችን አነሱ። ሁላችንም በአንድ ላይ "ምን ይበሉ ነበር?" አልናቸው። "ዳቦ ቆሎ ስቆጥር ነበር" አሉ። ለጠዋት ሃያ ፍሬ፣ ለማታ ሃያ ፍሬ፤ ጎረቤት የሰጣቸውን ሽሮ አስከትለው። ከረጢቱ ውስጥ አሥራ አንድ ፍሬ ተርፎ ነበር። ለምን እንዳልበሉት ስንጠይቃቸው መልሳቸው ያስቃል፣ ያስለቅሳልም፦ "ሰው ቢመጣስ ብዬ።"

እናቶቻችን ሲመለሱ ቤቱ ተዘርፎ ጠበቃቸው። ማቀዝቀዣው የለም፣ ቴሌቪዥኑ የለም፣ የስፌት መኪናው የለም። ምጣዱ ግን አለ። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። መስኮቱ ሳይጠገን፣ በሩ ሳይሠራ፣ መጀመሪያ የሠሩት ዳቦ ቆሎ ነው። መቀሱ ስለጠፋ በቢላዋ ቆረጡት፤ የዚያ ዓመት ፍሬ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ነበር። እንዲያ ያለ የሚጣፍጥ ዳቦ ቆሎ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልበላንም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ ተስተካከለ ብንላችሁ ውሸት ነው። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ክልላችን ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ፤ ስንት በዓል ሻንጣ አዘጋጅተን "መንገዱ እንዴት ነው?" ስንል ቀርተናል። ጅዳ ያለችው እህታችን ደግሞ ዓመታትን የምትቆጥረው በአረፋ ነው፤ ሰው ሲገኝ ሁለት ኪሎ ዳቦ ቆሎ ይላክላታል፤ እሷም እንደ አባታችን እየቆጠረች ትበላለች።

ቆይተን ያስተዋልነው አንድ ነገር አለ። እናቶቻችን በዓል ሲቀርብ "ትመጣላችሁ?" ብለው ጠይቀውን አያውቁም። የሚጠይቁት "ባለ ስኳር ነው ባለ በርበሬ?" ነው። ድሮ ይህ ይከብደን ነበር፤ መቅረታችንን እያወቁ ለምን ይለፋሉ? አሁን ገባን። "ትመጣላችሁ?" ብትለን "አንመጣም" ማለት ሊኖርብን ነው። ባለ ስኳር ወይስ ባለ በርበሬ ለሚለው ግን ሁልጊዜም መልስ አለን።

ለዚያ ባልደረባችን ሳቃችን ብዙ ያልቆየውም ለዚህ ነው። "ለማን ነው የምታዘጋጀው?" ስንለው "እናቴ ከጎንደር ትመጣለች፣ መንገዱ ከተከፈተ" አለን። ስለዚህ ዘዴውን አሻሽለን ሰጠነው። ቅቤውን በዘይት ቀይር፤ ጾመኛም ይብላው። ሊጡ በዘይት ሲሆን ማቀዝቀዣ ውስጥ እንደ ቅቤው አይጠነክርም፤ ስለዚህ ዱቄቱን ጨመር አድርግ፣ አቅጥነህ ተርትር፣ በመቀስ ቁረጥ። አሁኑኑ ጋግረው፤ መብራት አትመን። ባልደረባችን አሰበና "ይሄማ ዳቦ ቆሎ ነው" አለ። አዎ።

ባለፈው በዓልም ሐይቅ አልሄድንም። አዲስ አበባ ያለነው አራታችን አንድ ቤት ተሰብስበን ሊጥ አሸን፣ እንደ እርሳስ አቀጠንን። በሥራ መሃል ስልክ ጮኸ፤ የታች ቤት እናታችን ናት። ድምፅ ማጉያው ላይ አድርገን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥናት። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ቀማሹ ልጅ አወራን። ከዚያ ወሬው አለቀ፤ መቀሱ ብቻ ቀረ። ካርዷ እንዳያልቅ ብለን "በቃ እንዝጋው እንዴ፣ እማዬ?" አልናት።

"ተዉት፣ አትዝጉት" አለች። "ቁረጡ። እየሰማሁ ነው።"